ፖሊመር በቀዳዳ ሲያልፍ፦ ርዝመቱን እጥፍ ሳደርገው ጊዜው ለምን ከእጥፍ በላይ ይሆናል?

የማስተርስ_ተማሪዋ፦
ሰላም ለሁላችሁ። ፖሊመር (ከብዙ ትናንሽ ክፍሎች የተያያዘ ረጅም ሞለኪውል) በጠባብ ቀዳዳ ሲያልፍ በሚያሳይ የኮምፒውተር ሲሙሌሽን ላይ ሁለት ሳምንት ሙሉ ተይዣለሁ። ዶቃዎችን በሞላ (ስፕሪንግ) አያይዤ ሰንሰለት ሠራሁ፣ ከዚያ አንድ ዶቃ ብቻ የምታሳልፍ ቀዳዳ ያላት ግድግዳ አቆምኩ። ኃይሉ ያለው ቀዳዳዋ ውስጥ ብቻ ነው፤ የገባውን ዶቃ ወደ ማዶ ይስባል። ኃይሉ ያው ስለሆነ፣ 128 ዶቃ የ64ቱን እጥፍ ጊዜ ይፈጃል ብዬ ነበር። የወጣልኝ 2.6 እጥፍ አካባቢ ነው። ያነበብኳቸው ጽሑፎች ደግሞ 3 እጥፍ ይላሉ። ኮዱን ደጋግሜ አየሁት፣ ስህተት አጣሁበት። የቱን ልመን?

ድርና_ማግ፦
እህቴ ኮድሽ ደህና ይመስለኛል፣ አትንኪው። አሥር ክንድ ክር ወለል ላይ ዝም ብለሽ ከምሪና ጫፉን ይዘሽ ፈጠን አድርገሽ ሳቢው። መጀመሪያ የሚንቀሳቀሰው እጅሽ አጠገብ ያለው እጥፋት ብቻ ነው፣ ሌላው ክምር ባለበት ተኝቷል። እጥፋቱ ሲዘረጋ ቀጣዩን ይይዛል፣ ያኛው ደግሞ ቀጣዩን፣ እንዲህ እያለ ውጥረቱ ጭራው ድረስ ይሄዳል። ቀዳዳዋ ላይ ያለው ኃይል አንድ ቢሆንም የሚጎትተው ሸክም እየከበደ ነው የሚሄደው። ውጥረቱ ጭራው ጋ ሲደርስ ሸክሙ ጣሪያ ይነካል፤ ከዚያ በኋላ የቀረው እያጠረ ስለሚመጣ ይፈጥናል። ሳካዌ የሚባል የፊዚክስ ተመራማሪ በ2007 ያቀረበው ሐሳብ ይሄ ነው፣ እኔም ነገሩ የገባኝ በክር ከሞከርኩት በኋላ ነው።

3 የሚለው ከየት መጣ? በአንድ ጊዜ የሚጎተተው ክፍል የሚያድገው እንደ ሰንሰለቱ ጥቅልል ስፋት ነው፣ ስፋቱ ደግሞ እንደ ዶቃዎቹ ቁጥር በ0.588 ኤክስፖነንት (ቁጥሩ ከፍ የሚደረግበት መጠን፤ 2 ቢሆን ካሬ ማለት ነው)። ጊዜው ቁጥሩ ሲባዛ በስፋቱ ስለሆነ 1.588 ይመጣል። 2ን በዚያ ከፍ አድርጊው፣ 3 ይሆናል።

ያንቺ ያነሰው ቀዳዳዋ ራሷ ሰበቃ ስላላት ነው። እያንዳንዱ ዶቃ ሲያልፍ እኩል ሰበቃ ይገጥመዋል፣ ስለዚህ ያ ክፍል መጀመሪያ እንደጠበቅሽው ልክ እጥፍ ነው የሚሆነው። ሁለቱ ሲደመሩ በ2 እና በ3 መሃል ያርፋል። 128 ዶቃ ወደ 3 ለመድረስ ገና አጭር ነው።

ላብ_ውስጥ፦
የድርና_ማግ መልስ ከላቦራቶሪው ጋርም ይገጥማል። በ1996 ካሲያኖዊችና ባልደረቦቹ ነጠላ የአርኤንኤና የዲኤንኤ ሰንሰለቶችን አልፋ ሄሞላይሲን በሚባል የባክቴሪያ ፕሮቲን ቀዳዳ አሳለፉ። ጠባቡ ቦታ 1.4 ናኖሜትር ገደማ ነው። 120 ሚሊቮልት ሲሰጡት ሞለኪውሉ እየተሳበ ሲገባ በቀዳዳው የሚያልፉት የአዮኖች (ቻርጅ ያላቸው ቅንጣቶች) ከረንት ወዲያው ይወርዳል፣ ሲወጣ ይመለሳል። ከረንቱ ወርዶ የሚቆይበት ጊዜ ከርዝመቱ ጋር እኩል ነበር የሚያድገው። በጠባብ ቀዳዳ ሰበቃው ሌላውን ይውጠዋል ማለት ነው።

በ2005 ግን የዴልፍት ተመራማሪዎች ድርብ ዲኤንኤን 10 ናኖሜትር በሚሆን የሲሊኮን ኦክሳይድ ቀዳዳ ሲያሳልፉ ጊዜው ከርዝመቱ ጋር የሚያድግበት ኤክስፖነንት 1.27 ሆነ። ቀዳዳው ሰፊ ነው፣ ስለዚህ ውጭ ያለው ጥቅልል ከፈሳሹ የሚገጥመው ጉተታ ነው ገዥው። ይሄን ካንቺ ቁጥር ጋር በቀጥታ እንዳታወዳድሪ፣ ያንቺ ሲሙሌሽን ውስጥ የሚፈስ ውሃ የለም።

የማስተርስ_ተማሪዋ፦
ሁለታችሁንም አመሰግናለሁ፣ በጣም ገባኝ። ኃይሉን ጭራሽ ባጠፋውስ?

ድርና_ማግ፦
ያኔ ሌላ ዓለም ነው። ሰንሰለቱን ከወገቡ ቀዳዳዋ ላይ አስቀምጠሽ ልቀቂው፣ ወደ ግራም ወደ ቀኝም ይዋልላል። ግድግዳው ሰንሰለቱ እንደልቡ እንዳይጣመም ስለሚከለክለው ኢንትሮፒው (ሊይዛቸው የሚችላቸው ቅርጾች ብዛት መለኪያ) ይቀንሳል፤ ተመራማሪዎቹ ሱንግና ፓርክ በ1996 ነገሩን ሰንሰለቱ ሊሻገረው እንደሚገባ ኮረብታ ያዩት ለዚህ ነው። ኮረብታው ዝቅተኛ ነው፣ ዋናው ችግር ሰንሰለቱ ራሱን ለማስተካከል የሚፈጅበት ጊዜ ነው። ቹዋንግ፣ ካንቶርና ካርዳር በ2001 እንዳሳዩት ኤክስፖነንቱ ከ2.18 አያንስም። እጥፍ ርዝመት ቢያንስ 4.5 እጥፍ ጊዜ ማለት ነው፣ ስለዚህ ኮምፒውተርሽን ለረጅም ሌሊት አዘጋጂው።

የማስተርስ_ተማሪዋ፦
የቀዳዳዋን ሰበቃ ቀንሼ አስኬድኩት፣ 2.6 የነበረው 2.8 ሆነ! አሁን 1024 ዶቃ አስገብቻለሁ፣ ሲጨርስ ቁጥሩን እዚሁ እለጥፈዋለሁ።