ለአረጋውያን ያለ ፕሮጀክተር በምን ላስረዳ?

ድሬዳዋ፣ ከዚራ አካባቢ ባለ አንድ የአረጋውያን መኖሪያ ቅዳሜ ቅዳሜ ከሰዓት የጤና ትምህርት እሰጣለሁ። አድማጮቼ 22 ናቸው፤ ገሚሱ አማርኛ፣ የቀሩት ኦሮምኛና ሶማልኛ ይቀላቸዋል። ስለ ደም ግፊት በፕሮጀክተር ሞከርኩ። ለሙቀቱ ብዬ መስኮቱን ስከፍት ምስሉ በብርሃን ጠፋ። ስዘጋው አንቀላፉ (እኔም ትንሽ ነበር የቀረኝ)። የነቁት በቀን ከ5 ግራም ጨው አይለፍ ብዬ አንድ የሻይ ማንኪያ ጨው መዳፌ ላይ ስገለብጥ ነው። አንዲት እናት "ይቺማ ለሽሮዬም አትበቃ!" አሉ፤ ቤቱ በሳቅ ሞላ። ፕሮጀክተሩን ትቼዋለሁ። ቀጣዩ ርዕስ ስኳር በሽታ ነው። በሽታው የእግርን ነርቭ ሲጎዳ ጫማ ውስጥ የገባ ጠጠር እንኳ ላይሰማ እንደሚችል ለሦስቱም ቋንቋ ተናጋሪዎች በምን ዓይነት በእጅ የሚዳሰስ ነገር ላሳያቸው?