የ2018 የሶፍትዌር የጋራ ግንባታ ዕቅድ፦ ረቂቅ ሦስት፣ አስተያየት ያለው እስከ ቅዳሜ ይጻፍ

ጸሐፊ፣ ጥቅምት 4፣ ማታ 2፡10
ረቂቁ ይኸው። ሁለተኛውን ረቂቅ ማን እንዳጠፋው አልጠይቅም። ዓላማው ኪዩትን (ፕሮግራሞቻችንን የምንሠራበትን የሶፍትዌር መሣሪያ) እያንዳንዳችን የማኅበሩ አባላት በየቤታችን በሞባይል ዳታ ማውረዳችን እንዲቀር ነው። ምንጭ ኮዱ አንድ ጊዜ ደብረ ብርሃን ላይ ይወርዳል፣ በአንድ ማሽን ይገነባል፣ ማለትም ወደሚሠራ ፕሮግራም ይቀየራል፣ የተገነባው በሃርድ ዲስክ ወደ መሐል ሜዳ፣ ወደ ዓለም ከተማ፣ ወደ ደነባና ወደ ሸዋ ሮቢት ይላካል። የቁጠባና ብድር ፕሮግራማችን የቆመበት የኪዩት ቅጂ 5.15.2 በኖቬምበር 2020 የወጣ ነው። ከጃንዋሪ 2021 ወዲህ የዚያ ትውልድ ጥገና በቅድሚያ የሚደርሰው ለሚከፍል ነው። ያለ ኢንተርኔት የሚጫነው ጥቅልም ከ5.15 ጀምሮ ለነጻ ተጠቃሚ ቀርቷል፤ አካውንት ከፍቶ መስመር ላይ ሆኖ መጫን ነው፣ መስመሩ እኩሌታው ላይ ሲቋረጥ የሚሆነውን ሁላችሁም ታውቃላችሁ። ምንጭ ኮዱ ግን አሁንም በአንድ ጥቅል ይወርዳል። ስለዚህ ከምንጩ እንገንባ፣ ወደ ስድስተኛው ትውልድ፣ ወደ 6.8 እንሻገር። ወጪው 38,400 ብር ነው፤ ተጨማሪ ራም፣ ሁለት ሃርድ ዲስክ፣ የመብራት መጠባበቂያ ባትሪ። የፎልደሮቹ ስም በዓመተ ምሕረት ይሁን፣ የመጀመሪያው 2018-02 ይባላል።

መሐል ሜዳ፣ ማታ 2፡31
ስድስተኛው ትውልድ ዊንዶውስ 7 ላይ አይነሳም፣ ዊንዶውስ 10 ይፈልጋል። መንዝ ያሉት ደንበኞቻችን ምን ኮምፒውተር እንዳላቸው ረስታችሁት ነው?

ሮቢት፣ ማታ 2፡40
2018-02 አይሆንም። መጫኛው ፎልደሮቹን በስም ደርድሮ የመጨረሻውን ነው የሚወስደው። አሁን ያለው የመጨረሻ በፈረንጆች አቆጣጠር የተሰየመው 2023-10 ነው። 2018 ከእርሱ ፊት ይሰለፋል። አዲሱን ገንብተን አሮጌውን ልናከፋፍል ነው።

ጸሐፊ፣ ማታ 2፡44
የአሮጌዎቹ ስም ይቀየራል።

ሮቢት፣ ማታ 2፡46
የአሮጌዎቹ ስም በዘጠኝ ደንበኞች ኮምፒውተር ውስጥ ተጽፏል። ማን ነው ሄዶ የሚቀይረው? ጣርማ በርን በዚህ ብርድ ማን ነው የሚሻገረው? ደግሞ ጳጉሜን ላይ ብንገነባ 13 የሚል ወር ሲያይ የመጫኛው ትእዛዝ ጽሑፍ፣ ስክሪፕቱ፣ ስህተት ብሎ ይዘጋል።

ጸሐፊ፣ ማታ 2፡52
በጳጉሜን ማን ይገነባል?

ገንዘብ ያዥ፣ ማታ 2፡53
ያለፈውን ጳጉሜን ሦስት ሌሊት ያሳደርከን አንተ አይደለህም?

ጸሐፊ፣ ማታ 3፡05
ነገሩ የስክሪፕት ጉዳይ አይደለም። መጀመሪያውኑ 2023 ብሎ የሰየመው ሮቢት ነው፣ ማንንም ሳያማክር። የቀበሌ ደብዳቤ በዓመተ ምሕረት እንጽፋለን፣ የእድር መዝገብ በዓመተ ምሕረት ነው፣ የልጅ ክርስትና በዓመተ ምሕረት ነው። የራሳችንን ፎልደር ለመሰየም የሰው ዘመን የምንበደረው ለምንድን ነው?

ገንዘብ ያዥ፣ ማታ 3፡11
የእኔም መዝገብ በዓመተ ምሕረት ነው። የበጀት ዓመቴ ሐምሌ 1 ይጀምራል። ደረሰኙ ላይ 2018፣ ዕቃው ላይ 2025 ከሆነ ለኦዲተር የማስረዳው እኔ ነኝ።

ዓለም ከተማ፣ ማታ 3፡20
እንግዲያውስ በግእዝ ቁጥር ጻፉትና ገላግሉን። ፳፻፲፰-፪። ማንም ማንበብ ስለማይችል ማንም አይጣላም።

ጸሐፊ፣ ማታ 3፡22
ማነው ማንበብ የማይችለው? በአንተ ቤት የማይነበብ ሁሉ በሌላውም ቤት አይነበብም?

ዓለም ከተማ፣ ማታ 3፡24
የሰኔውን ቃለ ጉባኤ ቀን ያሳሳተው ማን እንደሆነ ልንገርህ?

ሰብሳቢ፣ ማታ 3፡50
ሁለታችሁም እጃችሁን ሰብስቡ። እኔ የማይገባኝ ሌላ ነው። ነጻ ነው፣ ነጻ ነው ስትሉኝ የከረማችሁት ነገር እንዴት 38,400 ብር ሆነ?

ደነባ፣ ማታ 4፡02
ጋሼ፣ ነጻ የሆነው ኮዱ ነው። ኮምፒውተሩና መብራቱ መቼም ነጻ ሆነው አያውቁም። የአጠቃቀም ፈቃዱም ግዴታ አለው፤ እንደ ሥራችን ከሆነ ቤተ መጻሕፍቱን (የኪዩትን የኮድ ፋይሎች) ከፕሮግራማችን ውስጥ ሳንጨፈልቅ ለየብቻ ማስቀመጥ፣ ከነካካነውም የነካካነውን ኮድ መስጠት አለብን።

ደብረ ብርሃን፣ ጥቅምት 6፣ ጠዋት 1፡15
ስትጨቃጨቁ እኔ ሞከርኩት። ማሽኑ እኔ ቤት ይሁን፤ እዚህ ማቀዝቀዣ አያስፈልገውም፣ መስኮት መክፈት ይበቃል። ሮቢት ላይ በሚያዝያ የተቃጠለውን አስታውሱ።

እንዲህ ነው። ጥቅሉን አወረድኩ፣ ከመፍታቴ በፊት የማረጋገጫ ቁጥሩን ጣቢያው ላይ ካለው ጋር አመሳከርኩ። አምና ይህን ሳናደርግ የተበላሸ ፋይል ስንገነባ ሁለት ቀን እንደሄደብን ታውቃላችሁ። ምንጩ ባለበት ፎልደር ውስጥ አልገነባሁም፤ ጎኑ ላይ ባዶ ፎልደር ከፍቼ ከዚያ ነው ያስነሳሁት። ቢበላሽ ያንን ጠርጎ እንደገና መጀመር ነው፣ ምንጩ አይነካም። ዌብ ኤንጂን የሚባለውን የኪዩት ክፍል ዘለልኩት። እርሱ ክሮሚየምን (የድረ ገጽ ማሳያ ሶፍትዌር) በሆዱ የያዘ ነው፣ እኛ ደግሞ አንድም ቦታ አንጠቀምበትም። ምሳሌዎቹንና መፈተኛዎቹንም ተውኳቸው።

መጀመሪያ ስምንት ሥራ በአንድ ጊዜ እንዲያስኬድ አዘዝኩት። ራሙ 8 ጊጋ ነው። ሃያ ደቂቃ ሳይሞላ ጠቋሚው ደረቀ፣ ሰዓቱ እንኳ መቁጠር አቆመ። ወደ ሁለት አወረድኩትና ተኛሁ። 11 ሰዓት ፈጀ። በመሐል መብራት ሦስት ጊዜ ሄዷል፤ ሲመለስ ያንኑ ትእዛዝ ደገምኩለት፣ ኒንጃ (ግንባታውን የሚያስኬደው ፕሮግራም) ያለቀውን ትቶ ካቆመበት ቀጠለ። ስለዚህ ባትሪው ይቅር፣ ገንዘቡ ራም ላይ ይዋል።

ለማዘመኑ ደግሞ ጥቅሉን በየጊዜው ማውረድ አያስፈልግም። በጊት (የኮድ ለውጥ መከታተያ ፕሮግራም) አንድ ጊዜ ሙሉውን ካመጣን ከዚያ በኋላ የሚመጣው ለውጡ ብቻ ነው። ለውጡን በጊት ባንድል አንድ ፋይል አድርጌ በፍላሽ እልካለሁ፣ እናንተ ዘንድ ኢንተርኔት ባይኖርም ከፍላሹ ይሳባል። ቅዳሜ ጠዋት ሙሉውን ማውረድ እጀምራለሁ። አንድ ሰው ይርዳኝ።

ሮቢት፣ ጥቅምት 6፣ ረፋድ 4፡30
ሌሊት የግእዙን ቁጥር ሞክሬው ነበር። ይሠራል። በኮምፒውተሩ ሰንጠረዥ ውስጥ የግእዝ ቁጥሮች ከተለመዱት አኃዞች በኋላ ስለሚመጡ ፳፻፲፰ ከ2023 ቀጥሎ ይሰለፋል። ዜሮ መደረብም አይፈልግም፤ በተለመደው አኃዝ 10 ከ9 ፊት ይገባል፣ በግእዝ ግን ፱ ከ፲ ይቀድማል፣ ፲፫ም ከ፲፪ ቀጥሎ ነው። የወሩን ፍተሻ አንስቼዋለሁ። ይቅርታ አልጠየቅሁም፣ ይሠራል ነው ያልኩት።

ዓለም ከተማ፣ ረፋድ 4፡33
እኔ እኮ ቀልዴን ነበር።

ጸሐፊ፣ ረፋድ 4፡41
ረቂቅ አራት ላይ ገብቷል።

መሐል ሜዳ፣ ረፋድ 5፡00
ዊንዶውስ 7ን በሚመለከት የጠየቅሁት አለ። መልስ ከሌለ እኔ ልበል፦ 5.15 ላይ እንቆይ። ኪዩትን የሚጠቀመው የነጻ ሶፍትዌር ማኅበረሰብ ኬዲኢ ከኤፕሪል 2021 ጀምሮ ለ5.15 ማስተካከያዎችን እያሰባሰበ በጊት አስቀምጧል። እርሱን አውርደን ከምንጩ ብንገነባ ጥገናውንም እናገኛለን፣ የገበሬው ማኅበር ኮምፒውተርም አይጣልም።

ደነባ፣ ከሰዓት 9፡15
የግእዙን ስም ዊንዶውስ ላይ ማን ሞከረው? እኔ ሞከርኩት። ግንባታው ሁለተኛው ደቂቃ ላይ ቆመ። የስህተቱ መልእክት የፎልደሩን መንገድ ሲጽፍ ፳፻፲፰-፪ የሚለው ቦታ ላይ የጻፈው ????-? ነው። አራት የጥያቄ ምልክት፣ ሰረዝ፣ አንድ የጥያቄ ምልክት። ፎቶውን ልኬአለሁ።

ጸሐፊ፣ ከሰዓት 9፡20
ኮምፒውተርሽ ላይ ይሆናል።

ደነባ፣ ከሰዓት 9፡21
ኮምፒውተሬ ማኅበሩ የገዛልኝ ነው።

ዓለም ከተማ፣ ማታ 1፡40
ሦስት ቀን ሙሉ የፎልደር ስም። ሦስት ቀን! በዚህ ጊዜ ሁለት ጊዜ ተገንብቶ ያልቅ ነበር። እኔ ከዚህ ማኅበር ብወጣ ይሻለኛል።

ገንዘብ ያዥ፣ ማታ 1፡44
ከሰኔ ጀምሮ ያለብህን መዋጮ ከፍለህ ውጣ።

ሰብሳቢ፣ ማታ 2፡15
ማንም አይወጣም። ዓለም ከተማ፣ ነገ ደውልልኝ። ግንባታው በላቲን ስም በተሰየመ ፎልደር ይሠራ፣ ሲያልቅ ለማከፋፈል በግእዝ ይሰየም። ተዘግቷል። ደብረ ብርሃን ረዳት ጠይቆ ነበር፣ ማን ይሄዳል?

ዓለም ከተማ፣ ጥቅምት 7፣ ጠዋት 3፡10
ጋሼን ደውዬ አነጋግሬአለሁ። ትናንት የጻፍኩት ይቅር። ቅዳሜ ረዳት ሆኜ የምሄደው እኔ ነኝ።

ደነባ፣ ጥቅምት 8፣ ረፋድ 4፡00
ዘመናችን ይህን ያህል ካንገበገበን ቁም ነገር ላይ እናውለው። ኪዩት ከ5.14 ጀምሮ ከጎርጎርዮሳዊው ውጭ ሌሎች የቀን አቆጣጠሮችን ያውቃል። የዩልዮስ አለ፣ የሚላንኮቪች አለ፣ የኢራን አለ፣ የእስላም አለ። የእኛ የለም። እኛ ቀኑን የምናሰላው በራሳችን በተለጣጠፈ ኮድ ነው፤ የ2015ቱን ጳጉሜን 6 ወለድ የረሳ ካለ የሞላሌ ደንበኞቻችንን ይጠይቅ። 2019 ደግሞ ዘመነ ሉቃስ ነው፣ ጳጉሜን እንደገና 6 ትሆናለች። የእኛ አቆጣጠር ለኮድ የሚመች ነው፤ 12 ወር ሠላሳ ሠላሳ ቀን፣ ጳጉሜን 5፣ በየአራት ዓመቱ ያለ ምንም መዝለል 6። ከምንጩ የምንገነባ ከሆነ ለምን አንጨምረውም?

ጸሐፊ፣ ረፋድ 4፡06
ይህ ነው ዕቅድ ማለት! ረቂቅ አምስት ርእሱ ይቀየራል።

ሮቢት፣ ረፋድ 4፡20
እስማማለሁ። የወራቱን ስም እኔ እሠራለሁ።

ገንዘብ ያዥ፣ ረፋድ 4፡35
የባትሪውን ገንዘብ ወደዚህ ማዛወር እችላለሁ። የራሙንም ግማሽ።

ደነባ፣ ረፋድ 4፡38
ራሙ ለግንባታው ነበር።

ገንዘብ ያዥ፣ ረፋድ 4፡39
በሁለት ሥራ 11 ሰዓት ይበቃል ተብሏል።

ጸሐፊ፣ ረፋድ 4፡50
አንድ ጥያቄ ብቻ። ወሩ ጳጉሜን ይባል ወይስ ጳጉሜ?

ዓለም ከተማ፣ ረፋድ 4፡51
ጳጉሜ።

ጸሐፊ፣ ረፋድ 4፡52
ጳጉሜን ነው።

ሰብሳቢ፣ ረፋድ 5፡30
በዚህ ላይ አሥራ አራት መልእክት አጥፍቻለሁ፣ ሁለቱም ስም ይቀመጥ። ደብረ ብርሃን፣ ቅዳሜ ነው። ማውረዱ የት ደረሰ? ዓለም ከተማስ እዚያ ነህ?

ሰብሳቢ፣ ጥቅምት 10፣ ጠዋት 2፡00
ደብረ ብርሃን?

ገንዘብ ያዥ፣ ጥቅምት 12፣ ከሰዓት 8፡10
ስልኩ አይነሳም። ጎረቤቱ ለለቅሶ ወደ አንኮበር ወጥቷል ብሎኛል። ከመሄዱ በፊት ሃርድ ዲስኩን ለአውቶቡስ ሰጥቷል፣ ደረሰኙ ደርሶኛል። ዓለም ከተማም እዚያ አልደረሰም።

መሐል ሜዳ፣ ጥቅምት 17፣ ማታ 1፡25
ሃርድ ዲስኩ ደረሰኝ። ማኅበሩ ቢሮ ሄጄ ሰካሁት። ውስጡ ፳፻፲፰-፪ የሚል አንድ ፎልደር አለ። ከፈትኩት፣ ባዶ ነው። ዊንዶውስ 7ን በሚመለከት የጠየቅሁትም እንዳለ ነው።

ጸሐፊ፣ ማታ 1፡29
ስሙ ግን በትክክል ይታያል?

መሐል ሜዳ፣ ማታ 1፡58
ይታያል።