ክሪክ ከሥሩ የማይገባ ቶርኖ በምን ይነሣል?

ወደ 400 ኪሎ የሚመዝን አሮጌ ቶርኖ (ብረት እያሽከረከረ የሚቀርጽ ማሽን) አለኝ። ከግድግዳው አላቅቄ እዚያው ክፍል ውስጥ ወደ መስኮቱ ላስጠጋው እፈልጋለሁ። ወለሉ ልሙጥ ሲሚንቶ ስለሆነ አንዴ ከፍ ካለልኝ በክብ ቧንቧዎች ላይ እያንከባለልኩ እወስደዋለሁ። ችግሩ ማንሣቱ ነው።

ከእግሩ ሥር ያለው ክፍተት ሁለት ሳንቲም ሜትር ተኩል ገደማ ብቻ ነው፤ ያለኝ የመኪና ክሪክ ደግሞ ሙሉ በሙሉ ዝቅ ብሎም ስንዝር ያህል ይቆማል። ረጅም የብረት ዘንግ አስገብቼ፣ ጣውላ አስደግፌ ስጫነው ማዕዘኑ ትንሽ ተነሣ፤ ወዲያው የዘንጉ ጫፍ ዘይት በጠጣው ብረት ላይ ተንሸራተተና ማሽኑ ዱብ ብሎ ተመለሰ። ክብደቱ ወደ ሞተሩ በኩል ስለሚያደላ መገልበጡን እፈራለሁ። አካሉም ቀልጦ በቅርጽ የፈሰሰ ብረት ነው፤ እንዲህ ያለው ብረት ክፉኛ ሲመታ ይሰነጠቃል እንጂ አይጣመምም። የማሽኑን መንሸራተቻ ሐዲድ (የመቁረጫው መያዣ የሚሄድበትን) በሰንሰለት አሥሮ መጎተት ልኬቱን ስለሚያበላሽ በፍጹም አልሞክረውም።

ሁለት መሣሪያዎች አይቻለሁ፦ አንዱ ከወለል ጋር የሚስተካከል ምላስ ያለው የሃይድሮሊክ ክሪክ፣ ሌላው አፍንጫው አጠገብ የብረት መንኮራኩሮች ያሉት ረጅም ማንሻ ዘንግ። ብቻዬን ለምሠራ ሰው፣ ወደ አንድ ጎን ለሚያደላ ማሽን የትኛው ይሻላል?