ሐኪሟ ከአስከሬን ክፍል አልወጣ አለችኝ

ሰላም ለሁላችሁ። የወንጀል ልብወለድ እየጻፍኩ ነው። ምዕራፍ 9 ላይ ከቆምኩ ወር ሊሞላኝ ነው፤ እባካችሁ አንድ በሉኝ።

ዋናዋ ገጸ ባሕርይ አስከሬን የምትመረምር ሐኪም ናት። ሟቹ የተገኘው በሆዱ ተደፍቶ ነው። እሷ ግን ጀርባው ላይ ወይን ጠጅ መሰል ቀለም ታያለች። ልብ ሲቆም ደም ወደ ታች ይወርዳል፤ ከ8 እስከ 12 ሰዓት ገደማ ሲያልፈው ቀለሙ እዚያው ይቀራል። ከዚያ በኋላ ሬሳውን ቢያገላብጡትም ብዙም አይለወጥም። ስለዚህ ሰውየው ለሰዓታት በጀርባው ተኝቶ ነበር፤ በኋላ የሆነ ሰው ገልብጦታል። እስከዚህ ድረስ ወድጄዋለሁ።

ችግሩ፣ ሥራዋ የሞቱን ምክንያት መለየት እንጂ ተጠርጣሪ ማሳደድ አይደለም። ምስክር ቤት ብልካት መርማሪው ፖሊስ ምን ሊሠራ ነው? እሱን ሞኝ ማድረግ ደግሞ ያስጠላል፤ ስንቴ አንብበነዋል! ክፍሏ ውስጥ ሳስቀምጣት ታሪኩ የላቦራቶሪ ሪፖርት መሰለ።

ሌላም አለ። በመጀመሪያው ረቂቅ «የሞተው ከሌሊቱ 7 ሰዓት ከ20 ነው» አስብያታለሁ። አሁን አፈርኩበት። የሰውነት ሙቀትም ሆነ የጡንቻ መድረቅ ደቂቃ ቆጥሮ አይናገርም፤ የክፍሉ ቅዝቃዜ፣ ልብሱ፣ ውፍረቱ ሁሉ ያዛባዋል። ግን «ሌላ ቦታ ነበርኩ» የሚለው የገዳዩ ቃል የፈረሰው በዚያች ደቂቃ ነበር። ደቂቃዋን ሳወጣት ሴራው ተናደ።

ይህን ዓይነት መጽሐፍ የምትወዱ፣ ሐኪሟን ከክፍሏ የሚያስወጣ አሳማኝ ምክንያት ምን ይመስላችኋል? የገዳዩን ቃልስ በተገላበጠው ሬሳ ብቻ ማፍረስ ይቻላል? ገዳዩ ማን እንደሆነ ማወቅ ካለባችሁ እነግራችኋለሁ፤ እኔን የጨነቀኝ ምስጢሩ ሳይሆን የመጽሐፉ አለማለቅ ነው።