ስስ አቧራን ከመኪና ቀለም ላይ ሳይጭሩ ማንሣት ይቻላል?

ባለ ጥቁሩ፦
ጤና ይስጥልኝ። የምኖረው አዲስ አበባ ነው፤ መኪናዬ ጥቁር ስትሆን የምታድረውም ጣሪያ በሌለው ግቢ ውስጥ ነው። ክረምቱ ወጥቶ ጥቅምት ከገባ ወዲህ ማታ ታጥባ የገባችው መኪና ጧት ላይ ኮፈኗና ጣሪያዋ በአቧራ ተሸፍነው ይገኛሉ። ጭቃ ወይም የወፍ ኩስ አይደለም፤ በጣት ሲነኩት መስመር የሚተው ስስ አቧራ ነው። የግቢው ጥበቃ በቅንነት ጧት ጧት በእርጥብ ጨርቅ ይወለውልልኛል፤ ይሁን እንጂ ፀሐይ ሲያርፍባት ኮፈኑ ላይ የሸረሪት ድር የሚመስሉ ክብ ክብ ጭረቶች መታየት ጀምረዋል። ውሃ የሚመጣልን በፈረቃ ስለሆነ በየቀኑ ማጠብ አልችልም፤ በየቀኑ ላቫጆ መመላለሱም ከገንዘብም ከጊዜም አንጻር አያዋጣም። እንዲህ ያለውን አቧራ ቀለሙን ሳልጎዳ በምን ላንሣው? የመኪና ልብስ ማልበሱስ ይበጅ ይሆን?

ቀለም ቀቢ፦
የምሠራው ጋራዥ ውስጥ በቀለም ክፍል ስለሆነ የጭረቱን መነሻ ላስረዳ። ከቀለሙ በላይ ክሊር የምንለው ግልጽ ሽፋን አለ። ይህ ሽፋን ከፋብሪካ በወጣ መኪና ላይ ብዙውን ጊዜ ከ40 እስከ 50 ማይክሮን ገደማ ውፍረት ያለው ሲሆን፣ ይህም ከአንድ የራስ ፀጉር ይቀጥናል። አቧራው ውስጥ ያሉት ጥቃቅን የአሸዋ ቅንጣቶች ደግሞ መስታወትን ለመጫር የሚችል ጥንካሬ አላቸው። ስለዚህ የሚጭረው ጨርቁ ራሱ ሳይሆን በጨርቁና በክሊሩ መካከል ተይዞ የሚጎተተው ቅንጣት ነው፤ ጨርቁ የቱንም ያህል ለስላሳ ቢሆን ቅንጣቱን ሳያነሣ የሚገፋው ከሆነ ውጤቱ አይለወጥም። አንድ ጊዜ ብቻ በባልዲ ውሃ ተነክሮ መላ መኪናውን የሚዞር ጨርቅ ከጣሪያው ላይ ያነሣውን አሸዋ ኮፈኑ ላይ ይፈጨዋል። ነጭ መኪናም በዚሁ መንገድ ይጫራል፤ ልዩነቱ ጥቁሩ አለመደበቁ ነው።

ጭረቱን በፖሊሽ ማጥፋት ይቻላል፤ ነገር ግን ፖሊሽ የሚሠራው ክሊሩን በጥቂቱ ፍቆ ስለሆነ በየጊዜው የሚደገም ነገር አይደለም። ስለዚህ ስሱን አቧራ ሳምንታዊው እጥበት እስኪደርስ ባለበት መተው ከሁሉም የተሻለ ነው፤ ተኝቶ የቆየ ደረቅ አቧራ ማንም ካልነካው ቀለሙን አይጭርም። ጥበቃው መርዳት ከፈለጉ መስታወቱን፣ ስፖኪዮውን፣ መብራቱንና ታርጋውን ብቻ እንዲወለውሉ ይንገሯቸው።

የጧት ሹፌር፦
የቀለም ቀቢ አስተያየት ትክክል ነው፤ ሆኖም እንግዳ የሚያመላልስ ሰው አቧራ የለበሰ መኪና ይዞ ሊቀርብ አይችልም። እኔ በሰም የተነከሩ የጥጥ ክሮች ያሉትን መጥረጊያ እጠቀማለሁ። ሰሙ አቧራውን ወደ ክሩ ይስበዋል፤ ይህ የሚሆነው ግን መጥረጊያው በራሱ ክብደት ብቻ ቀለሙ ላይ እንዲንሸራተት ሲደረግ፣ ፈጽሞ ሳይጫኑትና ከእያንዳንዱ ጉተታ በኋላ እያራገፉት ነው። የላባ መጥረጊያ ከዚህ ይለያል፤ የላባው አጥንት ሲሰበር ራሱ ይጭራል። ጤዛ ካለ ደግሞ የሰሙ መጥረጊያም አይሠራም፣ አቧራውን ወደ ጭቃነት ይለውጠዋል። አንዳንድ ባልደረቦቼ ጎሚስታ ቤት ጎራ ብለው በኮምፕሬሰር ያስነፋሉ፤ ይህም ከላይ ያለውን ያበርራል እንጂ ቀለሙ ላይ የተጣበቀውን ደቃቅ አያነሣም፤ አንዳንዴም ከጋኑ ውስጥ ዘይት የቀላቀለ ውሃ ይረጫል።

አጣቢ፦
የሰሙ መጥረጊያ በብርማ መኪና ላይ ጉዳቱ ስለማይታይ ይወደዳል፤ በጥቁር መኪና ላይ ግን እኔ አልመክረውም። ውሃ ለሚቸግረው ሰው የሚሻለው ማለቅለቅ የማያስፈልገው የማጠቢያ ፈሳሽ ነው። ለምሳሌ ኦፕቲመም ኖ ሪንስ የተባለው አንድ እጁ በ256 እጅ ውሃ ስለሚበጠበጥ ለ8 ሊትር 30 ሚሊ ሊትር ገደማ ይበቃል። ፈሳሹ ቅንጣቱን ከቦ ከቀለሙ ያላቅቀዋል፤ በጨርቁና በክሊሩ መካከልም የሚያንሸራትት ስስ ንጣፍ ይሆናል። የልብስ ሳሙና ዱቄት ይህን ሥራ አይተካም፤ ቀለሙን የሚጠብቀውንም ሰም ያነሣዋል።

መኪናዋ ጥላ ሥር ቆማ ኮፈኑ መቀዝቀዝ አለበት። ብጥብጡን መድኃኒት ባልነካው በትንሽ የአትክልት መርጫ ጣሪያው ላይ ይርጩና አንድ ደቂቃ ያህል ይታገሡ፤ እንዲደርቅ ግን አይተዉት። ከዚያ በዚሁ ብጥብጥ የተነከረ ወፍራም ማይክሮፋይበር ሁለት ጊዜ አጥፈው ሳይጫኑ በቀጥታ መስመር ወደ አንድ አቅጣጫ ብቻ ይጎትቱት። ክብ እየሠሩ ማሸት አይገባም። ጨርቁን ገልብጠው ሲያዩት ግራጫ መስመር ይዞ ያገኙታል፤ ያን ገጽ ለሌላ ቦታ አይድገሙት። ሁለቴ የታጠፈ ጨርቅ ስምንት ገጾች ስላሉት ሁለት ሦስት ጨርቅ ለመላ መኪናው ይበቃል። ከጣሪያው ጀምረው ወደ ታች ይውረዱ፤ የበሩን ግርጌ፣ ፓራውልቱንና ቸርኬውን ግን በዚህ መንገድ አይንኩ፤ እዚያ ያለው ከጎማ የተፈናጠረ ሻካራ አሸዋ ስለሆነ በብዙ ውሃ መታጠብ አለበት።

ባለ ጥቁሩ፦
በጣም አመሰግናለሁ። አንድ ያልጠቀስኩት ነገር አለ፤ ከግቢያችን አጥር ማዶ ሕንፃ እየተሠራ ነው፤ ስለዚህ አቧራው ውስጥ ሲሚንቶ ሳይኖርበት አይቀርም። ይህ ነገሩን ይለውጠዋል? የልብሱንም ነገር ብትነግሩኝ ደስ ይለኛል።

አጣቢ፦
ይለውጠዋል። ሲሚንቶ ውሃ ሲያገኝ ይጠነክራል፣ ክሊሩንም ያቆሽሻል፤ የበጋ ሌሊት ጤዛ ደግሞ ለዚህ የሚበቃ እርጥበት አለው። ስለዚህ ቀደም ሲል የተባለው ‹ባለበት ይተዉት› የሚለው ምክር ለእርስዎ አይሠራም። ሲሚንቶ በሚቦካበት ወይም ግድግዳ በሚቆረጥበት ቀን የተቀመጠውን አቧራ ጤዛው ሳይወርድ፣ ሳይነኩ፣ በሚፈስ ውሃ ያውርዱት፤ በእርጥብ ጨርቅ ማበስ ከሁሉ የከፋው ነው። ጠጥሮ የቀረ ነጠብጣብ ካገኙ በጥፍርም በምላጭም አይፋቁት፤ ለዚሁ የተሠራ የሲሚንቶ ማላቀቂያ ያለው ባለሙያ ጋ ይውሰዱት።

የመኪናው ልብስ የሚጠቅመው ንጹሕና ደረቅ መኪና ላይ ከለበሰ ብቻ ነው። አቧራ ላይ ከተደረበ፣ በተለይ ነፋስ እያራገበው ካደረ፣ ከጥበቃው ጨርቅ የባሰ ይጭራል፤ የውስጥ ገጹም አቧራ ስለሚይዝ በየጊዜው መታጠብ ይኖርበታል። በእርስዎ ቦታ ብሆን ለልብሱ የሚወጣውን ገንዘብ ከአጥሩ ርቆ በቆርቆሮ ለተከደነ ማቆሚያ አውለው ነበር።