ሌሊት ቻርጅ ለሚደረግ መኪና የተለየ ዋጋ ይገባዋል?

ጠያቂው፣ ከባሕር ዳር ሽምብጥ፦
ነገሩ የተነሳው ቡና ላይ ነው። አንድ ዘመዴ በቅርቡ ትንሽዬ ቢዋይዲ የኤሌክትሪክ መኪና ገዝቷል። አቦሉ ሲቀዳ “ሌሊት አገሩ ሁሉ ተኝቶ መብራቱ ሥራ ፈትቶ ያድራል። ታዲያ ለምን ቀንሰው አይሸጡልኝም?” አለ። ጎረቤታችን ስኒውን አስቀምጦ “መኪና የገዛ ሰው ደግሞ ድጎማ ሊጠይቅ!” ብሎ ተነሳበት። በረካው ደርሶም አልተስማሙ። እኔም ወደ እናንተ አመጣሁት።

ነገሩን ለማያውቅ፦ በ2016 በነዳጅ የሚሠሩ የቤት መኪናዎች ወደ አገር እንዳይገቡ ተከልክሏል። አዲስ መኪና ልግዛ ያለ ሰው እጁ ላይ የሚገባው ኤሌክትሪክ ነው። የቤት መብራት ሒሳብ ደግሞ የሚያየው መጠን እንጂ ሰዓት አይደለም። ብዙ በተጠቀምክ ቁጥር የአንዱ ኪሎ ዋት ሰዓት ዋጋ ይወጣል። በ2011 የጀመረው የታሪፍ ማስተካከያ ማብቂያው ላይ፣ በወር እስከ 50 ኪሎ ዋት ሰዓት ለሚጠቀም ቤት አንዱ 27 ሳንቲም ነበር። ከ500 በላይ ለሚጠቀም 2 ብር ከ48 ሳንቲም። ከመስከረም 2017 ወዲህ ደግሞ ዋጋው ደረጃ በደረጃ ከፍ እያለ ነው። ከምሽቱ 1 ሰዓት ሰካህ ከሌሊቱ 8፣ ለቆጣሪው ያው ነው።

እና ሌሊት መኪና ለሚሞላ ቤት ርካሽ ታሪፍ ይውጣ ወይስ ይቅር? መኪና የሌላችሁም ግቡ።

ባለ ዶልፊኗ፣ ዓባይ ማዶ፦
ይውጣ እንጂ! ሒሳቤን ላስቀምጥ። በቀን ወደ 30 ኪሎ ሜትር እነዳለሁ። ልጆች ማድረስ፣ ሥራ፣ ገበያ፣ አዲሱን ድልድይ መመላለስ ነው። ዶልፊን የምትባለው ቢዋይዲ መኪናዬ ለ100 ኪሎ ሜትር 15 ኪሎ ዋት ሰዓት ያህል ትበላለች። በቀን አራት ተኩል፣ በወር 135 መሆኑ ነው። ቤቴ መኪናዋ ሳትመጣ 180 ነበር የሚቆጥረው። አሁን 315 ገባ። ከነበርኩበት እርከን ዘልዬ ወጣሁ። መኪናዋ ብቻ ሳትሆን ፍሪጄም ልብስ ማጠቢያዬም አብረው ተወደዱ።

የሚያናድደኝ ግን ይኼ ነው። ማታ እንደገባሁ መሰካት እችላለሁ። ግን ያኔ ሰፈሩ ሁሉ ራት ላይ ነው። አምፖሉ ራሱ ይደክማል። ስለዚህ መኪናዋን ከሌሊቱ 6 ሰዓት እንድትጀምር አዝዣት እተኛለሁ። ለሰፈሩ አስቤ ነው። ማን አመሰገነኝ? ማታ የሚሰካውና እኔ እኩል ነው የምንከፍለው።

ባለ ባጃጁ፣ ቀበሌ 14፦
እህቴ፣ ለሰፈሩ ማሰብሽ ጥሩ ነው። ግን ግቢው ውስጥ መኪና ያቆመ ሰው ቅናሽ ሲጠይቅ ትንሽ ያስቃል። እኔም የምነዳው የኤሌክትሪክ ባጃጅ ነው። ግን ተከራይ ነኝ። ቆጣሪው የአከራዬ ነው። አምስት ተከራይ በአንድ ቆጣሪ። ለአንድ ሙሌት የቆረጠችብኝ ዋጋ አለ፤ ቀንም ልሰካ ሌሊት አይለወጥም። የሌሊት ዋጋ ቢረክስ ቅናሹ እኔ ጋ የሚደርስ ይመስልሻል?

ባለ ዶልፊኗ፦
እውነትህን ነው። ግን የእኔ ቅናሽ መቅረቱስ አንተን ምን ይጠቅምሃል?

ባለ ባጃጁ፦
ምንም። ብቻ “ለሕዝቡ ነው” አትበሉ።

ጡረተኛው መምህር፣ ጊዮርጊስ አካባቢ፦
ልጆቼ፣ መነሻው ላይ ስህተት አለ። “ሌሊት መብራቱ ሥራ ፈትቶ ያድራል” የሚለው አባባል ከእኛ ጋር አይገጥምም። የእኛ መብራት በአብዛኛው ከውኃ ነው። ውኃ ይጠራቀማል።

እዚሁ አፍንጫችን ሥር ያለውን ጣና በለስን አስቡት። 460 ሜጋ ዋት ነው፣ በ2002 የተመረቀ። ውኃውን ከሐይቁ በዋሻ ወስዶ ወደ በለስ ይጥለዋል። ሌሊት ተርባይኑን ዝግ ቢያደርጉት ውኃው የት ይሄዳል? ጣና ውስጥ ይቆያል። ነገ ማታ ይሠራበታል። ሕዳሴም እንደዚያው፤ 74 ቢሊዮን ሜትር ኩብ የሚይዝ ጋን ነው። ሌሊት ሳይሸጥ ያደረ መብራት ጎተራ ውስጥ ያለ እህል ነው እንጂ ተርፎ የሚደፋ ወጥ አይደለም።

የጢስ ዓባይ ጣቢያ በ1956 ሥራ ሲጀምር ልጅ ነበርኩ። ያኔ የፏፏቴው ጭስ ከሩቅ ይታያል። በኋላ ሐይቁ መውጫ ላይ ጨረጨራ የሚባል ትንሽ ግድብ ተሠራ፣ ውኃውም ወደ ተርባይን ዞረ። አሁን እንግዳ ይዛችሁ ልትሄዱ ስትሉ መጀመሪያ የምትጠይቁት “ዛሬ ውኃ አለው?” ብላችሁ ነው። ውኃው ዋጋ አለው ለማለት ያህል ነው። ጨለማ ስለሆነ ነፃ አይሆንም።

ባለ ዶልፊኗ፦
ጋሼ፣ ያሉት ይገባኛል። ግን ሕዳሴ ጳጉሜ 4 ቀን 2017 ተመርቋል፤ 5,150 ሜጋ ዋት ነው እየተባለ የኔ አምፖል ማታ ማታ ለምንድን ነው የሚያጣጥረው?

ሽምብጥ ያደግኩት፣ አሁን ሊድስ ያለሁት፦
ሰላም ለአገሬ ልጆች። እኔ ይኼው ታሪፍ አለኝ፣ እንግሊዝ አገር። ኦክቶፐስ ከሚባል አቅራቢ ነው የምገዛው። በእኛ አቆጣጠር ከሌሊቱ 5 ሰዓት ተኩል እስከ ንጋቱ 11 ሰዓት ተኩል ርካሽ ነው። ስገባ አንዱ ኪሎ ዋት ሰዓት ወደ 7 ፔንስ ነበር። ቀን ከሦስት እጥፍ በላይ ነው። ሐሳቡም ዛሬ የመጣ አይደለም። “ኢኮኖሚ ሰቨን” የሚሉት የሰባት ሰዓት የሌሊት ዋጋ መኪናው ሳይታሰብ በፊት ነበራቸው። ያኔ ውኃ ማሞቂያና ቤት ማሞቂያ ነበር የሚሞላበት።

ግን ጋሼ ልክ ናቸው። እዚህ ሌሊት የሚነፍስ፣ መብራት የሚያመነጭ ብዙ ነፋስ አለ። ነፋስ ደግሞ ጋን ውስጥ አይጠራቀምም። አሁኑኑ ካልተጠቀሙበት አለፈ። እንዳለ ገልብጣችሁ አትውሰዱት።

ሁለት ነገር ግን ልብ በሉ። ቆጣሪዬ በየግማሽ ሰዓቱ እየመዘገበ ይልካል። ያ ቆጣሪ ከሌለ ታሪፉም የለም። ሌላው፣ ሁላችንም ልክ አምስት ተኩል ሲል እንዳንጀምር መቼ እንደሚሞላ የሚወስነው አቅራቢው ራሱ ነው። እኔ “ጠዋት 1 ሰዓት ላይ 80 በመቶ ይሁንልኝ” ብዬ ሰክቼ እተኛለሁ። የቀረው የእነሱ ነው። አንድ ባልደረባዬ ደግሞ መኪና ሳይኖረው የሌሊት ዋጋ አማረው። ቀን ቤት የሚውል ሰው ነው። የቀኑ ዋጋ ከመደበኛው ከፍ ያለ ነበርና ከሰረ።

ሽቦ ዘርጊው፦
ልግባ እንግዲህ። ረዘም ይላል፣ ታገሱኝ።

ጋሼ ውኃውን በደንብ አስረድተዋል። ግን መብራት ከግድብ ዘሎ ሶኬት ውስጥ አይገባም። መሐል ላይ ምሰሶ ላይ የተሰቀለ የሰፈራችሁ ትራንስፎርመር አለ። እህታችን አምፖሌ ለምን ይደክማል ላለችው መልሱ ብዙ ጊዜ እዚያ ነው ያለው። ግድቡ ሞልቶም ትራንስፎርመሩና ሽቦው ጠባብ ከሆኑ ማታ መብራት ይደክማል።

አንድ የኤሌክትሪክ ምጣድ ወደ ሦስት ተኩል ኪሎ ዋት ይስባል። መኪናም በቤት ቻርጀር፣ በ16 አምፔር ሲሞላ ያንኑ ያህል ነው። መኪና ሰካህ ማለት ምጣድ ጥደህ ረሳህ ማለት ነው። ባትሪው ተሟጦ ከሆነ ደግሞ እስኪነጋ ተጥዶ ያድራል። አሁን 100 ኬቪኤ፣ ማለትም ቢበዛ ወደ 100 ኪሎ ዋት የሚሸከም ትራንስፎርመር አስቡ። 28 ምጣድ በአንድ ጊዜ ከተጣደ ሞላ። አምፖል የለ፣ ስቶቭ የለ፣ ምን የለ። ከምሽቱ 12 እስከ 4 ሰዓት ያለው ጭንቅ ይኼ ነው። 220 መሆን የነበረበት ቮልቴጅ 180 ሲገባ በራሴ መለኪያ አይቻለሁ። 180 ላይ ምጣድ ከሙቀቱ ሲሶውን ያጣል። በዚህ ላይ አራት አምስት መኪና ጨምሩበት።

ከሌሊቱ 6 ሰዓት በኋላ ግን ያው ትራንስፎርመር እፎይ ይላል፣ ይቀዘቅዛል። ስለዚህ የሌሊት ዋጋ ይርከስ ባይ ነኝ። መብራቱ ስለተረፈ አይደለም። ሰው ከማታው ሰዓት እንዲሸሽ ነው። ውኃ ለነገ ይቀመጣል ጋሼ። የትራንስፎርመር ክፍት ቦታ ግን አይቀመጥም። ሌሊት ያልተጠቀምንበት ለማታ አይተላለፍም።

አንድ የማልወደውን ነገር ደግሞ ልናገር። ባለፈው ዓመት አንድ ቤት ተጠራሁ። ሰውዬው የመኪናውን ቻርጀር ዲቫይደር ላይ ሰክቶ ተኝቷል። ከሌሊቱ 9 ሰዓት የፕላስቲክ ሽታ ቀሰቀሰው። ስደርስ ሶኬቱ እንደ ጧፍ ቀልጦ ግድግዳው ላይ ወርዷል። ከኋላው ያለው ሽቦ ለአምፖል የተዘረጋ ቀጭን 1.5 ካሬ ሚሊ ሜትር ነበር። ይባስ ብሎ አጠገቡ የሕፃን አልጋ ተጠግቷል። ሰው ተኝቶ ሙላ የምትሉት ከሆነ መጀመሪያ ከቆጣሪው ለብቻው የሚወጣ 4 ካሬ ሚሊ ሜትር ሽቦ፣ የራሱ ብሬከር፣ ደህና ኤርዝ። እነዚህን ያላሟላ ቤት ታሪፉ አይሰጠው።

የፖሊ ቴክኒክ ተማሪ፦
ሁለት አጭር ነገር። አንደኛ፣ በሰዓት የሚለያይ ዋጋ ለአገራችን እንግዳ አይደለም። በድሮው ታሪፍ ለፋብሪካዎች የጫና ሰዓት ዋጋና ከጫና ውጭ ያለ ዋጋ ነበር። ልዩነቱ ፋብሪካ አንድ ቆጣሪ መሆኑ ነው፤ የሰፈር ቆጣሪ ግን አያልቅም። ሁሉም ቤት ይቀየር ከተባለ ወጪውን መኪና የሌለውም ይጋራል። ስለዚህ የሚፈልግ ሰው ራሱ ከፍሎ ያስገባ።

ሁለተኛ፣ የጋሼ ጎተራ ክረምት ማብቂያ ላይ ይሞላል። ሞልቶ በማፍሰሻው የወጣ ውኃ ተርባይን አላዞረም። ያኔ ሌሊት መሸጥ ኪሳራ የለውም። ቅናሹ ከመስከረም እስከ ኅዳር ብቻ ቢሆንስ?

ጡረተኛው መምህር፦
ይኼንን እቀበላለሁ። ጎተራ ሲሞላ እህል ይረክሳል። ሰኔ ላይ ግን እንዳትጠይቁኝ።

ሽቦ ዘርጊው፦
ትራንስፎርመሩ መስከረምና ሰኔ አያውቅም ጋሼ።

ጠያቂው፦
እኔም ልናዘዝ። ቡናው ላይ ከጎረቤታችን ጎን ነበርኩ። “ሀብታም አይደጎምም” ባይ። አሁን ሳየው ያጣላን ስሙ ነው። “የመኪና ታሪፍ” ስንል ሰው የሚታየው መኪናው ነው። ሰዓቱ ነው ዋጋ ያለው ካልን ሌሊት የተጠቀመ ሁሉ ይጠቀም። መኪና ይሁን፣ የውኃ ፓምፕ ይሁን፣ ምን አገባን? መኪና ላለው ብቻ ከሆነ ግን አሁንም አልደግፍም። ያለው ይጨመርለታል ማለት ነው።

ባለ ዶልፊኗ፦
እኔ መቼ ለመኪና ብቻ አልኩ?

ጠያቂው፦
ከላይ አንብቢው እስቲ።

እንጀራ ጋጋሪዋ፣ ዓባይ ማዶ፦
ልጄ ናት የምትጽፍልኝ። እኔ መኪና የለኝም። ለሆቴል በቀን 80 እንጀራ አደርሳለሁ። ማታ መጋገር ትቻለሁ። ሞክሬ ሞክሬ ነው የተውኩት። ምጣዱ አይግልም፣ ሊጡ ይለጠፋል፣ እንጀራው ዓይን አያወጣም። ዓይን የሌለው እንጀራ ሆቴሉ አይቀበለኝም፤ ለድርቆሽ ነው የሚሆነው። ስለዚህ ከሌሊቱ 9 ሰዓት እነሳለሁ። ያኔ ምጣዱ እሳት ነው። አሰስ ሳላደርገው ዓይኑ ፍክት ይላል። ይኼው ስንት ዓመቴ ሌሊት ስጠቀም። ቅናሽ የሚባል ወሬ የሰማሁት መኪና ከመጣ ወዲህ ነው።

ሽቦ ዘርጊው፦
እትዬ፣ ሲሶው ጠፋ ያልኩት ሙቀት ይኼው ነው። እኔ በቁጥር፣ እርስዎ በእንጀራ ዓይን ለካነው።

ባለ ዶልፊኗ፦
እትዬ፣ እውነት ለመናገር እርስዎን አላሰብኩም ነበር። ሌሊት የምነቃ እኔና መኪናዬ ብቻ ይመስለኝ ነበር።

እንጀራ ጋጋሪዋ፦
አንቺማ ትተኛለሽ፣ መኪናሽ ናት የምታመሸው። ግን ርካሹ ሰዓት ስንት ላይ ነው የሚያበቃው?

ሊድስ ያለሁት፦
እዚህ እንግሊዝ 11 ሰዓት ተኩል ላይ።

እንጀራ ጋጋሪዋ፦
11 ተኩል ላይ እኔ ገና ሃምሳኛዋ ላይ ነኝ። እስከ 1 ሰዓት ያድርጉት።

ባለ ዶልፊኗ፦
እኔ እስማማለሁ። የኔዋ 6 ሰዓት ጀምራ 8 ሳይሞላ ትጨርሳለች። ከዚያ በኋላ ትራንስፎርመሩ የእርስዎ ነው።

ባለ ባጃጁ፦
የአከራዬን ነገር ግን ማንም አልመለሰልኝም።