ደሴ ስሟን ያገኘችው ከየትኛው ኮከብ ነው?

ሰኞ ገበያ፦ ሰላም ቤተሰብ። ልጄ የከተማዋን ስም አመጣጥ ጠይቀሽ ነይ ተብላ መጣች። አፄ ዮሐንስ 4ኛ እዚህ ሰፍረው ሳለ ኮከብ አይተው «ደሴ» አሏት ይባላል። ግን አንዱ «ተወርዋሪ ኮከብ»፣ ሌላው «ጅራታም ኮከብ» ይላል። አንድ ናቸው እንዴ? ደሴ «ደስታዬ» ከሆነስ «ታ»ው የት ገባ?

የጦሳ ሰው፦ እህቴ፣ ልዩነታቸው ቃል በቃል የሰማይና የምድር ነው። ተወርዋሪ የሚባለው ከጠጠር የማትበልጥ ስብርባሪ እኛው አየር ውስጥ ገብታ ስትነድ የምትሰጠው ብልጭታ ነው፤ ቀና እስክትዪ የለም። ጅራታሙ፣ ኮሜት የሚሉት፣ በረዶና አቧራ የተቋጠረበት አካል ነው። ፀሐይን እየዞረ ለሳምንታት ይታያል። ከስሙ ጋር የሚነሳው በመስከረም 1875 ዓ.ም.፣ በፈረንጅ 1882፣ የወጣው ነው። ፀሐይ አጠገብ ሲያልፍ በጠራራ ቀን ታይቷል፤ እምብርቱም እዚያው ተሰነጣጥቋል። ከዚያ በኋላ ጎህ ሳይቀድ በምሥራቅ ይወጣ ነበር። የሰፈረ ጦር በየማለዳው ሲያየው ይከርማልና ለስም መነሻ ይሆናል ብል ያስኬዳል። ብልጭ ብሎ የጠፋውንማ ማን ከማን ጋር ያየዋል? ንጉሥ ሚካኤል መቀመጫቸው ያደረጓት ከዚያ ወዲህ ነው።

ኮምቦልቻ፦ ስለ «ታ»ው፦ ቤት ቤቴ፣ ልጅ ልጄ እንደሚሆን ሁሉ ደስም ደሴ ይሆናል፤ ደስታን አትጥሪያት። ዛሬ ደስ ያለ «አለ» ወይም «ተሰኘ» ብቻውን ስለማይቆም ነው ጆሮ የሚያንገራግረው። በነገራችን ላይ ወሎዬ ለአይዞህ የሚላት «አብሽር» ከዐረብኛ መጥታ ከግእዙ ብሥራት ጋር ሥሯ አንድ ነው። ደስታና የምሥራች እኛ ዘንድ አይጠፋም ለማለት ያህል 😀

ሰኞ ገበያ፦ ጋሼ፣ እግዜር ይስጥልኝ። ግን ጅራታም ኮከብ ሲወጣ ጦርነት ይመጣል፣ ንጉሥ ይሞታል አይባልም? ንጉሡ ራሳቸው እንዴት ደስ አላቸው?

የጦሳ ሰው፦ ይባላል እንጂ። እሳቸው የሞቱት በ1881 ዓ.ም. መተማ ላይ ነው፤ ስድስት ዓመት ቆይቶ ለደረሰ ሞት ኮከቡን መክሰስ ግፍ ነው። ይልቅ ለልጅሽ «ጅራት» የምትለዋ ቃል እንዳታሳስታት ንገሪያት። ጅራቱ እንደ ከብት ጅራት ሁልጊዜ ከኋላ አይከተልም። የፀሐይ ብርሃንና ከፀሐይ የሚወጣው ነፋስ ስለሚገፉት ምንጊዜም ከፀሐይ በተቃራኒ ነው፤ ኮሜቱ ከፀሐይ ሲርቅ ጅራቱ ከፊት ይቀድማል። ግሪኮቹ «ፀጉራም» ማለታቸው ሳይሻል አይቀርም፤ ኮሜት ማለትም ያው ነው።

ኮምቦልቻ፦ አያቷ ካሉ ደግሞ ትጠይቃቸው። በጥቅምት 1958 ዓ.ም. ኢኬያ ሴኪ የተባለ ጅራታም ወጥቶ ነበር። ከ1875ቱ ጋር ከአንድ እናት ኮሜት ተሰንጥቀው የቀሩ ናቸው ተብሎ ይታመናል። ማለዳ የሚነሱ ሰው ከነበሩ ሳያዩት አይቀሩም።